የቮልስ ጎማ

በ1962 ዓ.ም. ወልቂጤ ውስጥ የሳኒን ጎሚስታ የማያውቅ ሾፌር አልነበረም። ከጅማ ቡና ጭኖ የሚወጣውም፣ ከአዲስ አበባ ጨውና አቡጀዲ ጭኖ የሚወርደውም ጎማው ሲተነፍስ የሚቆመው እሱ ደጃፍ ነበር። ሳኒ እጀ ፈጣን ነው። አልወጣ ያለ ጎማ ከቸርኬው ሲያላቅቅ፣ የተቀደደ የውስጥ ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ሲለጥፍ ቆሞ ማየት ራሱ ደስ ይል ነበር። የከተማው ሰው «ኢንጂነር» ይለዋል። በጎረምሳነቱ አዲስ አበባ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ እንደሠራ ሁሉም ያውቃል። እዚያ በቆየበት ዘመን ግን ሥራው መኪና ማጠብና ጎማ መንፋት ብቻ እንደነበር ከሚስቱ ከሳሌሃ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። «ኢንጂነር» የሚለው ስም ሲወጣለት ሳቀ እንጂ አላስተባበለም። እያደር ስሙ እንደ ልኩ የተሰፋ ልብስ ተስማማው።

አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ የሀብተጊዮርጊስ የጭነት መኪና አንዲት ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት መኪና በገመድ እየጎተተ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሀብተጊዮርጊስ በዚያ መንገድ ሲመላለስ የሸበተ፣ ወሬ የማያበዛ ሾፌር ነው። ከቀይዋ መኪና መሪ ኋላ ደግሞ ጸጉሯን በሻሽ ያሰረች፣ ሱሪ የለበሰች ወጣት ሴት ወረደች። ገበያተኛው ሥራውን ትቶ ከበባት።

«የጉንችሬው የአቶ ደበላ ልጅ ናት፤ መርካቶ ያለው!» አለ አንዱ።

እውነትም ዓለምዘውድ ደበላ ነበረች። አባቷ ከጉንችሬ ሄዶ መርካቶ ሱቅ ከፍቶ የበለጸገ ሰው ነው። ልጁ የመኪና እሽቅድምድም እንደምትወዳደር በአገሩ ተወርቶ፣ ግማሹ «ጉድ ነው» ግማሹ «እሰይ» ብሎላት ነበር። አሁን ዓይን በዓይን ሲያያት ሁሉም «ልጃችን» አለ።

«ለመንገድ ጥገና የደፉት ድንጋይ ነው የቆረጠብኝ» አለች ለሳኒ። «የኋላዎቹ ሁለቱም ተቀደዱ። ትርፍ ጎማዬን ትናንት ተጠቅሜበታለሁ። በሚቀጥለው እሑድ ውድድር አለብኝ፤ የጊቤን ቁልቁለት ልለማመድበት ነበር የመጣሁት።»

ሳኒ ተንበረከከ። የኋላዎቹ ጎማዎች ጎናቸው እንደ ቆዳ ተተልትሏል፤ የሚለጠፉ አይደሉም። መለወጥ አለባቸው። ጎን ላይ የተጻፈውን በእጁ ጠረገው። 165 ይላል፤ ቀጥሎ ሁለት የላቲን ፊደሎች፤ ከዚያ 15። አሥራ አምስቱን ያውቀዋል፤ የቸርኬው ልክ ነው። የቀረውን አያውቀውም። እንዲህ ያለ ጎማ እጁ ገብቶ አያውቅም።

ጓዳ ውስጥ ለቮልስ የመጡ ሁለት አዲስ ጎማዎች ነበሩት። አውጥቶ አስደገፋቸው። እነሱ ላይ የተጻፈው 5.60 ነው፤ መጨረሻው ግን ያው 15።

ዓለምዘውድ ጎንበስ ብላ ሁለቱንም አነበበች። «ቁጥሩ አይገጥምም» አለች። «የኔው መቶ ስድሳ አምስት ይላል፣ ይኼ አምስት ነጥብ ስድሳ።»

«ያኛው በሚሊ ሜትር ነው፤ ይኼኛው በኢንች» አለ ሳኒ። ይህችን ጣሊያኑ ጋር መኪና ሲያጥብ ሰምቷት ነበር። «ሲለካ አንድ ነው።» አንድ መሆኑን ግን የሰማው ከማንም አልነበረም፤ ከራሱ ጨመረው።

«ፊደሎቹስ?»

«የፋብሪካው ምልክት ናቸው።»

ሀብተጊዮርጊስ ገመዱን እየጠቀለለ ቆሞ ነበር። «ሳኒ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ አዋቂ አይደለሁም። ግን የፊቶቹ ራዲያል የሚሏቸው ይመስሉኛል። ውስጣቸው ያለው የክሩ አቀማመጥ ከነዚህ ይለያል። ያኛው ከፊት፣ ይኼኛው ከኋላ ሲሆን መኪናው ኩርባ ላይ ኋላውን ይጥላል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ሳኒ ቀና ብሎ አየው። የከበበው ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ሳኒ መለሰ። ያ አስተያየት ሳኒን እንደ ጋሬጣ ወጋው።

«አንተ የጨው መኪናህን ንዳ» አለው። «ጎማውን ለባለ ጎማው ተወው።»

ሰዉ ሳቀ። ሀብተጊዮርጊስ አልተናደደም፤ ትከሻውን ሰብቆ ገመዱን መኪናው ላይ ወረወረና ምሳ ሊበላ ሄደ። ዓለምዘውድ ግን አልሳቀችም። ሳኒን ትክ ብላ እያየች እንዲህ አለችው፦

«አቶ ሳኒ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የማያውቁት ከሆነ ግድ የለም። ለአባቴ ስልክ እደውላለሁ፤ ትክክለኛው ጎማ ነገ ይመጣል። ዛሬ እዚሁ አድራለሁ፤ ዘመድ ሞልቶኛል።»

እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው በሕይወቱ አልገጠመውም። ሌላው ሁሉ «ሥራልኝ» ነበር የሚለው። እሷ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት፤ «አላውቅም» ብሎ መውጣት ብቻ ነበር የቀረው። ቃሉ እስከ ምላሱ ጫፍ መጥቶ ነበር። ግን ገበያተኛው ቆሟል፤ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ተካ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ በኩራት ፈገግ ብሎ ያየዋል። ሀብተጊዮርጊስም ገና ርቆ አልሄደም።

«አይጠራጠሩ» አለ ሳኒ። «አሥራ አምስት አሥራ አምስት ነው።»

በክሪክ አነሳት፣ ፈታ፣ ገጠመ፣ ነፋ፣ ዳዶውን አጠበቀ። ሥራው ራሱ ያማረ ነበር። ጨርሶ ሲነሳ ዓለምዘውድ የመኪናዋን በር ከፈተችና፣ «የገጠሙት እርስዎ ነዎት፤ ይግቡ፣ አብረን እንሞክረው» አለችው። «እስከ ጊቤ ደርሰን እንመለስ።»

ሳኒ ባዶውን ወንበር አየ። 

«ዛሬ ጁምዓ ነው» አለ። «መስጊድ ልሄድ ነው።»

ሰዓቱ ገና ነበር። ይህን ሳሌሃ ታውቃለች፤ በር ላይ ቆማ ሰማችው፤ ፊቷንም አዞረች።

«እኔ ልግባ?» አለ ተካ ከኋላ። ዕድሜው አርባ ያለፈው ሰው ዓይኑ እንደ ሕፃን በራ። «እንዲህ ያለ መኪና ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም።»

ሳኒ አንዲት ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር። «ተው» ቢለው፣ «ሥራህን ሥራ» ቢለው። ተካ የልብ ወዳጁ ነው፤ ግድግዳ ነው የሚለያቸው፤ «ተው» ካለው ይተዋል። ግን «ለምን?» ብሎ ቢጠይቅስ? ሳኒ ዝም አለ። ተካ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወልቅ ገባና ለገበያተኛው እጁን አወዛወዘ። ቀይዋ መኪና አቧራ አስነስታ ወደ ጊቤ ነጎደች።

ሳኒ ታጠበና መስጊድ ሄደ። ሰገደ። ከጎኑ የቆመው ሰው ሲጎነበስ ጎነበሰ፣ ሲነሳ ተነሳ፤ ኢማሙ ምን እንዳሉ ግን አንድም አልሰማ። ሲመለስ የተቀደዱትን ጎማዎች ከመሬት አነሳና ጎናቸውን በአውራ ጣቱ ተጫናቸው። እጥፍ ይላሉ፤ ለስላሳ ናቸው። የቮልሱ ጎማ ግን ሲይዘው ደንዳና እንደነበር ትዝ አለው። ዓይኑ ያላየውን እጁ ያኔውኑ አውቆት ነበር። ጎማውን ጥሎ መንገዱን ያይ ጀመር።

ወሬውን ያመጣው ከጅማ የመጣ አውቶቡስ ነው። «ቀይ መኪና ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጣለች» አለ ረዳቱ ገና ሳይወርድ። ሳኒ ቀጥሎ የተባለውን አልሰማም። ሲሮጥ ወደ ሀብተጊዮርጊስ መኪና ነበር የሮጠው። ሀብተጊዮርጊስ ምንም አልጠየቀውም፤ ሞተር አስነሳ።  እስከ ጊቤ ኩርባ ድረስ ሳኒ፣ ሰውዬው እንዲሰድበው ይመኝ ነበር።

መኪናዋ በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል ነበር የተጋደመችው፤ ያ ነው ያተረፋቸው። አንዱ የኋላ ጎማ ፈንድቷል፤ ሌላው ወደ ሰማይ ቀርቷል። ዓለምዘውድ ግንባሯ ተልጦ፣ መሬት ተቀምጣ የተካን ራስ ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። የተካ ቀኝ እግር ከጉልበቱ በላይ ወዳልሆነ አቅጣጫ ዞሯል። ሜትሩ አሁንም አንገቱ ላይ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ሳኒን እንዳየችው፤ ታለቅሳለች። «ኩርባዋን ቀድሜ አውቃታለሁ፤ ስንት ጊዜ ወርጃታለሁ። እንዴት እንዳመለጠችኝ አላውቅም። ኋላዋ ዝም ብሎ ሄደብኝ። ፈጥኜ ነው። እጄ ነው።»

ሀብተጊዮርጊስ ሳኒን አየው። ሳኒ ጎንበስ ብሎ የተካን ትከሻ ያዘ። «ና፣ ወንድሜ፣ ቀስ» አለ። የጎማውን ነገር አላነሳም።

ወልቂጤ ሲደርሱ የጤና ጣቢያው ድሬሰር የተካን እግር ገልጦ አየና ወዲያው ሸፈነው። «ይኼን እኔ አልችለውም» አለ። «ከእውቀቴ በላይ ነው። ብነካው አበላሸዋለሁ። እምድብር ሚሲዮኑ ክሊኒክ ውሰዱት።» ሰውዬው ይህን ሲል ፊቱ አልቀላም፤ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር፤ ማንም አልሳቀበትም። «እግዜር ይስጥህ» አሉት እንጂ።  ሳኒ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

እምድብር የሚሲዮኑ መነኩሲት እግሩን በእንጨት አሰሩለት፤ አዲስ አበባ ሄዶ ካልታከመ ግን ቀጥ ብሎ እንደማይገጥም ተናገሩ። የዓለምዘውድ አባት ሊወስዱት ቃል ገቡ። እስከዚያው ሳኒ በየቀኑ ሱቁን ዘግቶ እምድብር እየሄደ ከተካ አልጋ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። ውኃ ይሰጠዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ዝንብ ያባርርለታል። የተካ ሚስት የሺመቤት ቆጮና አይብ ይዛ በመጣች ቁጥር መጀመሪያ የምታቀርበው ለሳኒ ነበር።

«ብላ፣ ወንድሜ» ትለዋለች። «አንተ ባትደርስለት ደሙ እዚያው ፈስሶ ያልቅ ነበር። እንዲህ ያለ ጎረቤት ለማን ተሰጠ? ልጆችህ ይባረኩ።»

ሳኒ ይቆርሳል፤ አፉ ውስጥ ይንከራተታል እንጂ አይወርድም። ምርቃቱ ከስድብ ይልቅ ያቃጥለው ነበር። አንድ ማታ ቤቱ ሲመለስ ሳሌሃ፣ «እስከ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችው። «እነሱ ሲመርቁህ እኔ ምድር ትጠበኛለች። የማይገባንን ምርቃት ቤቴ አታምጣብኝ።» 

ሳምንቱ አልቆ ሳኒ ሱቁን እንደከፈተ ዓለምዘውድ በአባቷ መኪና መጣች። ቀይዋ መኪና ከጊቤ ተጎትታ መጥታ ሳኒ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቆማ ነበር። ጎኗ ተጨራምቷል፤ ሞተሯ ግን ደህና ነው።

«ቀስ ብዬ እየነዳሁ አዲስ አበባ ላስገባት ነው» አለች። «የፈነዳው ጎማ እንዲለወጥልኝ ነው የመጣሁት። ያንኑ ዓይነት፣ ያንኑ ቁጥር ይፈልጉልኝ።»

«ያንኑ?» አለ ሳኒ።

«አዎ። ጎማው ምን አደረገ? ጥፋቱ የኔ ነው። አባቴ መኪናዋን ሽጪያት ብሎኛል፤ እሺ ብዬዋለሁ። ከእንግዲህ አልወዳደርም። የሰው እግር ሰብሬ…» ድምፅዋ ተቆረጠ። ሻሿን አውልቃ በእጇ ጨመደደችው። «ድሮም የሴት ሥራ አይደለም ሲሉኝ ነበር። እነሱ ልክ ነበሩ።»

ሳኒ እስከዚያች ሰዓት የተጎዳው ተካ ብቻ ይመስለው ነበር። ለዝምታው ሰበብ የሚሆነውም ይኸው ነበር፦ ብናገር የተካ እግር አይድንም፤ ምን ይጠቅማል ይል ነበር። አሁን ፊቱ የቆመችው ሴት እሱ በሠራው ጥፋት ራሷን ስትቀጣ አየ። ጎማ መፍቻውን መሬት አስቀመጠ።

«እኔ ጎማ ልመርጥልዎ አልችልም» አለ።

«ለምን?»

«አላውቅም። ያን ቀንም አላውቅም ነበር። መቶ ስድሳ አምስቱ ምን እንደሆነ፣ ፊደሎቹ ምን እንደሚሉ አላውቅም። በኢንች ሲሆን አንድ ነው ያልኩዎ ውሸቴን ነው። ሀብተጊዮርጊስ ያለው ነው የሆነው። የኋላው የሄደብዎ በጎማው ነው። እጅዎ ምንም አላጠፋም።»

 የዓለምዘውድ ፊት ላይ መጀመሪያ የታየው ቁጣ አልነበረም፤ የተሸከመችው ሸክም የወረደላት ዓይነት ነገር ነበር። ቁጣው ተከትሎ መጣ።

«ጠይቄህ ነበር» አለችው። «እርስዎ» የምትለው ቀረ። «ፊትህ ቆሜ ጠይቄህ ነበር። አድራለሁ ብዬህ ነበር። ምን አጎደልኩብህ?»

«ምንም።»

«አብረን እንሂድ ስልህስ? ጁምዓ ያልከው?»

ሳኒ አንገቱን ደፋ። መንገድ ላይ የቆሙ ሰዎች መስማት ጀምረው ነበር። ድምፁን ዝቅ ሊያደርግ ፈለገ፤ ከዚያ ያ ፍላጎቱ ራሱ አሳፈረው። ቀና ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ፈርቼ ነው» አለ። «ፈርቼ ተካን በእኔ ቦታ ላክሁት።»

አንድ ሰው «ኤዲያ!» ሲል ተሰማ። ዓለምዘውድ ወደ አባቷ መኪና ተመለሰች፤ በሩን ስትዘጋው ሱቁ ተናወጠ። ቀይዋን መኪና በማግሥቱ በሌላ የጭነት መኪና ላይ አስጭና ወሰደቻት። እሷ ራሷ አልመጣችም።

ሳኒ ግን እውነቱን በተናገረበት በዚያው ቀን እምድብር ሄዶ ነበር። ተካ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ የሺመቤት ፊቱን እያጠበችው ነበር። ሳኒ ወንበር ሲሰጠው አልተቀመጠም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረው። እየተናገረ የተካን ፊት ማየት ስላቃተው አልጋው ብረት ላይ አፈጠጠ።

 የሺመቤት ጨርቁን ውኃው ውስጥ ትታ እጇን አደራረቀች።

«ጁምዓ ሰገድክ?» አለ ተካ።

«ምን?»

«ያን ቀን። ሰግደሃል?»

«ሰግጃለሁ። ምን እንዳልኩ ግን አላውቅም።»

ተካ ዓይኑን ጨፈነ። «እኔ ቁልቁለቱን ስንወርድ ስላንተ እያሰብኩ ነበር» አለ። «ሳኒ ይኼን ነገር አመለጠው፣ ስመለስ አወራለታለሁ እያልኩ ነበር።» ከዚያ ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሂድ አሁን። ደክሞኛል።»

የሺመቤት አልጮኸችም፣ አልረገመችም። እንደ ወትሮው ልታቀርብለት ያመጣችውን ቆጮ ግን መልሳ ሸፈነችው።

የከተማው ሰው «ኢንጂነር» ማለቱን ያን ሰሞን አቆመ። አንዳንዱ ጎማውን ሌላ ቦታ ወሰደ። ሳኒም አዲስ አበባ ወጥቶ፣ በልጅነቱ ያልጠየቀውን ጥያቄ በሽበቱ ጠየቀ፤ አንድ ጎማ ነጋዴ መደርደሪያው ፊት አቁሞ፣ የጎኑ ቁጥር ስፋቱን፣ ፊደሉ የሚችለውን ፍጥነትና የክሩን አሠራር እንደሚናገር፣ ሁለት ዓይነት ጎማ በአንድ መኪና እንደማይቀላቀል አስረዳው። ለመማር የፈጀበት ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ አልሞላም። ይህም ሌላ እፍረት ሆነበት። የማያውቀው መኪና ሲመጣበት «ይኼን አላውቀውም» ማለት ለመደ። ሲል ግራ ቀኙን ያያል፤ ግን ይለዋል።

ሀብተጊዮርጊስን ይቅርታ ሲጠይቀው ሰውዬው፣ «እኔም እኮ ልክ መሆኔን አላውቅም ነበር» አለና ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ። ዓለምዘውድ በዓመቱ ተወዳደረች። ወደ ጊቤ ስትወርድ ወልቂጤ ላይ አትቆምም፤ በተካ ሱቅ ስታልፍ ግን ጥሩምባዋን ትነፋለች፤ ተካም ሥራውን ትቶ ይወጣል።

ተካ ከአዲስ አበባ የተመለሰው ከክረምቱ በኋላ ነው። እግሩ ገጠመ፤ ግን አጠረ። በእግር የሚመታውን የስፌት መኪና ሸጦ በእጅ የሚዞር ገዛ። ሥራው ዘገየ፤ ደንበኛው ታገሠው። ከሳኒ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ። «እንዴት አደርክ» «ደህና»። ግድግዳው እንደ ድሮው አንድ ነው፤ የሳኒ ሚስት ስታስል ተካ ቤት ይሰማል፤ ግን እንደ ድሮው ማንም ግድግዳውን መትቶ «ና ቡና ጠጣ» አይልም።

አንድ የገበያ ቀን ሳኒ ወደ ገበያው ሲወጣ ተካን ከፊቱ አየው። በዱላ እየተረዳ፣ በአንድ ጎኑ እያነከሰ ዳገቱን ይወጣል። ሳኒ ቢፈጥን በሦስት እርምጃ ያልፈዋል። ግን እርምጃውን ገታ። ቀስ አለ፤ የተካን እርምጃ እየጠበቀ ከኋላው ሄደ። ተካ ኮቴ ሰምቶ ዞር አለ።

«እለፍ እንጂ» አለው።

«አልቸኮልኩም» አለ ሳኒ።

ተካ ትንሽ አየውና መንገዱን ቀጠለ። ሳኒም ከኋላው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ እስከ ገበያው ድረስ አብሮት ዘገየ።